ስንት ናቸው? «ቋቁቻ ነው» እየተባለ ስለሚታለፈው በሽታ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ስንት ነው? እስቲ ገምቱ። መቶ ሺህ? አንድ ሚሊዮን? ሁለት ሚሊዮን ተኩል? የፈለጋችሁትን ብትሉ የሚያርማችሁ የለም፤ ቆጥሮ የሚያውቅ የለምና። ይቺ አገር የቀንድ ከብቷን ትቆጥራለች፣ የስልክ ደንበኛዋን ትቆጥራለች፣ የስንዴ ኩንታሏን ትቆጥራለች። የዚህን በሽታ ሕመምተኛ ግን ቤት ለቤት ዞራ በአገር ደረጃ ቆጥራ አታውቅም። እኛ ሓወልቲ አካባቢ የምንገናኝ ልጆች ዛሬ የምንነጫነጨው በዚሁ ጉዳይ ነው።

«ደግሞ ሶሪያሲስ ምንድን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። አይፈረድባችሁም። የሰውነት መከላከያ ኃይል መንገዱን ስቶ ቆዳን ሲያጣድፈው የሚመጣ ሕመም ነው። ጤነኛ ቆዳ ራሱን የሚተካው በወር ገደማ ነው፤ ሶሪያሲስ ያለበት ቦታ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ ቆዳ ይገፋል። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደረብበታል፣ ይወፍራል፣ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ያሳክካል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ ራስ ቅል ላይና ወገብ አካባቢ ነው። ጥፍርንም በመርፌ እንደተወጋ ነገር ይበሳሳዋል። አንዳንዱ ሰው ላይ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባና ጣት ያሳብጣል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያስቸግራል። በዘር የመሄድ ነገር አለው። ፈጽሞ የሚነቅለው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚያስታግሰው ግን አለ። ደግሞም (እዚህ ላይ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን) ከሰው ወደ ሰው አይጋባም! በመጨባበጥ አይጋባ፣ በፎጣ አይጋባ፣ በማበጠሪያ አይጋባ።

አሁን ወደ ነገራችን። ይህ በሽታ የማይቆጠረው ለምን ይመስላችኋል? ገንዘብ ስለሌለ? እሱም አለበት። እኛ ግን ከገንዘቡ በፊት ሌላ ነገር ይታየናል። በሽታው ሰፈር ውስጥ የራሱ ስም የለውም። አማርኛችን ለቆዳ ሕመም ስም አያጣም፤ ቋቁቻ አለ፣ ጭርት አለ፣ ችፌ አለ፣ እከክ አለ፣ ለምጽ አለ፣ ፎረፎር አለ። ሶሪያሲስ የሚገባበት ግን የራሱ ቤት ስለሌለው በየጎረቤቱ በደባልነት ይኖራል። ክርን ላይ ሲወጣ ጭርት ይባላል፣ ደረት ላይ ሲወጣ ቋቁቻ ይባላል፣ ራስ ላይ ሲወጣ ፎረፎር ይባላል፣ እግር ላይ ሲወጣ ችፌ ይሆናል። አንድ ሰውዬ አራት ቦታ ቢወጣበት አራት በሽታ አለበት ማለት ነው! በጉዳዩ ላይ የተማረ ሰው ካላየው በስተቀር አራቱ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው የለም።

ከሐውልቱ ብዙም ሳይርቅ የሚኖር ጓደኛ አለን። ስሙ ይቆየን። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሚያዝያ የለ ግንቦት የለ፣ በዚያ ፀሐይ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለብሶ ሲዞር እናየዋለን። ሲጀምረው አንድ መድኃኒት ቤት ሄደና «ቋቁቻ ነው» ተባለ፤ የፈንገስ ቅባት ገዛ። አልሠራም። አንድ ክሊኒክ «ጭርት ነው» አለውና የሚዋጥ የፈንገስ ኪኒን ሰጠው። አልሠራም። አክስቱ ጸበል ወሰዱት (ጸበሉን አንነቅፍም፣ እሱም አጽናንቶኛል ነው የሚለው)። አንድ ቀን ፀጉር ሊስተካከል ገብቶ አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋና «ሓወይ፣ ይህ ነገር ይጋባል እንዴ?» አለው፤ ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እያየው። ከዚያ ወዲህ ራሱን በራሱ ቤት ይላጫል። በመጨረሻ አንድ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሙ ክርኑን ትቶ መጀመሪያ ጥፍሩን አየ፤ ቀጥሎ «ከዘመድህ እንዲህ ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀው። አለቀ። ስድስት ዓመት የፈጀው ነገር ዐሥር ደቂቃ አልሞላም።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። የእኛ ጓደኛ ግን መች ሸሸገ? መጀመሪያ ገልጦ አሳየ። ስሙን የሚያውቅ ሲጠፋ ነው እጅጌውን ወደ ታች የሳበው።

ደግሞ የጠቆረ ቆዳ ላይ ነገሩ ይብሳል። መጽሐፉ «ቀይ ሆኖ ብርማ ቅርፊት ያለው» ይላል፤ የተጻፈው የነጭ ቆዳ ታይቶ ነውና። እኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ቡናማ፣ ወደ አመድማ ይሄዳል። ሲድን ደግሞ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ የሚቀር ምልክት ይተዋል፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ «ለምጽ ጀመረው» ይላል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቀይ ነገር ብቻ የሚፈልግ ወጣት ጤና ባለሙያ ባያገኘው ይገርማል?

እሺ፣ ቁጥር ወደሚሉት ነገር እንግባ (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 ሶሪያሲስን ከባድና ሥር የሰደደ፣ የማይተላለፍ በሽታ ብሎ በውሳኔ አጸደቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሰው አለበት አለ። ከአራት ዓመት በኋላ በ2020 አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ወጣና በ2017 ሶሪያሲስ የነበረባቸውን አዋቂዎች 29.5 ሚሊዮን ብሎ ገመተ። መቶ ሚሊዮንና ሠላሳ ሚሊዮን! አንዱ ሕፃናትን ይጨምራል ሌላው አይጨምርም ብትሉ እንኳ ልዩነቱ በዚህ አይዘጋም። ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም። ያው የ2020ው ጥናት ራሱ ችግሩን ነግሮናል፤ ከዓለም አገሮች 81 በመቶ የሚሆኑት ስለ በሽታው ስርጭት መረጃ የላቸውም። የቀረውን ባዶ ቦታ የሞሉት በስሌት ነው።

የ2016ቱ ሪፖርት በየአገሩ ያለውን ስርጭት ከ0.09 በመቶ እስከ 11.4 በመቶ ያደርሰዋል። ታችኛው የታንዛኒያ፣ ላይኛው የኖርዌይ ነው። ይህን ያየ ሰው ወዲያው «በቃ፣ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ የለም» ይላል። ሲሉም ሰምተናል። ግን የታንዛኒያው ቁጥር ከየት መጣ? ጥናቱ የታተመው በ1996 ነው፤ በገጠር ሁለት መንደር ውስጥ 1,114 ሰው ታየ። 0.09 በመቶ ከ1,114 ስንት ነው? አስሉት። አንድ ሰው! የአንድ አገር ስርጭት ተብሎ በዓለም ሰንጠረዥ ላይ የሚጠቀሰው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው የዚያን ዕለት ገበያ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ታንዛኒያ ውስጥ ሶሪያሲስ የለም ይባል ነበር። ጎረቤቱም ኖሮበት ቢገኝ ኖሮ ስርጭቱ እጥፍ ይሆን ነበር። አጥኚዎቹን አንወቅስም፤ እነሱ የገቡት ጠቅላላ የቆዳ በሽታን ሊያዩ ነው፣ ሠርተውም አሳይተዋል። ጥፋቱ ቁጥሯን ነጥቆ የሚሮጠው ዘንድ ነው።

የኖርዌዩም ቢሆን ሲጠጉት ሌላ ነው። ትሮምሶ በምትባል ከተማ ሰዎቹን «ሶሪያሲስ ኖሮብህ ያውቃል?» ብለው ጠየቋቸው፤ በ2007ና 2008 አካባቢ 11.4 በመቶው አዎ አለ። እዚያው ከተማ በ1979ና 1980 ሲጠየቁ አዎ ያሉት 4.8 በመቶ ነበሩ። በሽታው በሠላሳ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ ወይስ ስሙን የሚያውቀው ሰው በዛ? ሁለቱም ይሆናል። እኛን የገረመን ግን ጥያቄው ራሱ ነው። ያንኑ ጥያቄ አምጥታችሁ ሓወልቲ ውስጥ በር እያንኳኳችሁ ብትጠይቁ ምን ታገኛላችሁ? «ሶሪያ? ሶሪያ እንኳ ሄጄ አላውቅም» የሚል መልስ። ስሙ የማይታወቅበት አገር በመጠይቅ ብቻ ከቆጠራችሁ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮው ደግሞ «የለም» ተብሎ ይነበባል።

በሌላ በኩል ዴንማርክ ሥር ያሉት የፋሮ ደሴቶች አሉ። እዚያ ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቆዳው በሐኪም ታይቶ በ1963 በታተመው ሥራ 2.8 በመቶው ላይ ተገኘ። ጠይቆ ብቻ ሳይሆን አይቶ የተቆጠረ ስለሆነ ነው ስድሳ ዓመት አልፎትም የሚጠቀሰው።

የእኛን አገር አሁን እንሞክረው። ሕዝባችን ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ለስሌት 120 ሚሊዮን እንበል። በታንዛኒያው አንድ ሰውዬ ከሄድን 108 ሺህ ሕመምተኛ። አንድ በመቶ ካልን 1.2 ሚሊዮን። ሁለት በመቶ ካልን 2.4 ሚሊዮን። ከ108 ሺህ እስከ 2.4 ሚሊዮን ባለው መካከል የትኛው ጋ እንደቆመ ሳያውቅ መድኃኒት የሚያዝ ሰው ምን ያህል ያዝዛል? ለስንት ሰው? ለየትኛው ሆስፒታል?

«ሆስፒታሎች መዝገብ አላቸው አይደል? እሱን አትደምሩም?» የሚል ብልህ አንባቢ ይኖራል። መዝገብ አለ። እዚሁ መቐለ የኢጣሊያ የቆዳ ሆስፒታል ከ2005 እስከ 2009 ያያቸው ሕመምተኞች ተጠንተው በ2014 ታትመዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የሆስፒታል መዝገብ የሚነግራችሁ ሆስፒታል የደረሰውን ሰው ነው። የትራንስፖርት ያለው፣ የሚልከው ያገኘ፣ ወይም ሕመሙ አላስቀምጥ ያለው። የእኛ ጓደኛ ስድስት ዓመት ሙሉ በየትኛውም መዝገብ ላይ ሶሪያሲስ ተብሎ አልተጻፈም። በሆስፒታል ወረፋ ከመቶ ሰው ሁለቱ ሶሪያሲስ ነበረባቸው ማለት በከተማው ከመቶ ሰው ሁለቱ አለባቸው ማለት አይደለም፤ ወረፋውና ከተማው ለየቅል ናቸው።

ስለ አፍሪካ የተጻፈውም እንዲሁ በአብዛኛው ከክሊኒክ የተለቀመ ነው። ያም ሆኖ አንድ የሚያጓጓ ነገር ያሳያል፤ ከምዕራብ አፍሪካ ይልቅ በምሥራቅ አፍሪካ ክሊኒኮች በሽታው በዛ ብሎ ይታያል። ለምን? ዘር ነው? ፀሐይ ነው? የሐኪሞቹ ብዛት ነው? ፀሐይ ለሶሪያሲስ ትጠቅማለች፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማከምም የታወቀ ነው። መቐለ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ትሞቃለች። ታዲያ ጓደኛችን ክርኑን ለፀሐይ እንዳይሰጥ ያደረገው ምንድን ነው? ፀጉር ቤቱ ውስጥ የዞሩት ዓይኖች አይደሉም? መድኃኒቱ ከላይ በነፃ እየወረደ እሱ በእጅጌ ይከላከለዋል።

አሁን ደግሞ ከባዱ ተቃውሞ። «እናንተ ልጆች፣ ይህ ከተማ ምን እንዳለፈበት ረሳችሁት? ከ2020 እስከ 2022 ጦርነት ነበር። ዓይደር ሆስፒታል ኢንሱሊን አልቆበት ነበር። ተፈናቃይ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልሎ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ክርን ቅርፊት ታወራላችሁ?» ይህን ያለን ሰው አለ፤ የምናከብረው ሰው ነው። እኛም ያንን ጊዜ በወሬ አይደለም የምናውቀው። ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ሶሪያሲስ ጭንቀት ሲበዛ ይብሳል። የጉሮሮ ኢንፌክሽን ይቀሰቅሰዋል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ድንገት ሊበረታ ይችላል፤ አንዳንዴ የቫይረሱ መኖር የሚጠረጠረው በእሱ ነው። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ራሱ ሊያስነሳው ይችላል። ጭንቀት፣ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የመድኃኒት መቋረጥ፤ ይህን ዝርዝር ያየ ሰው «የቅንጦት በሽታ» ይላል? ጦርነትና ችግር ያለፈበት አገር ከሌላው ይበልጥ ሊጠይቅ ይገባዋል ነው የምንለው።

አለመቁጠሩ የሚጎዳው ደግሞ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ስም የሌለው ሕመምተኛ ገንዘብ እንጂ ማዘዣ አይይዝም። «የሚያሳክክ ነገር» ይላል፤ ክሎቤታዞል ይሰጠዋል። ክሎቤታዞል ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ በሐኪም ልክና ጊዜ ሲታዘዝ ለሶሪያሲስ ራሱ ይጠቅማል። ያለ ልክ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ይሰነጥቃል። (እህቶቻችን ፊት ለማቅላት ብለው የሚቀቡት አንዳንዱ ቅባት ውስጥም እሱው አለ። ይህ ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) የባሰው ደግሞ የሚዋጠውና በመርፌ የሚሰጠው ስቴሮይድ ነው። ለጊዜው ቆዳውን ጥርግ አድርጎ ያጸዳዋል፣ ሰውየው ደስ ይለዋል፤ ድንገት ሲያቆመው ግን በሽታው መግል በቋጠረ ከባድ ዓይነት ተመልሶ ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል። ሜቶትሬክሴት የሚባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት ለብዙው ከባድ ሕመምተኛ ይረዳል፤ እሱ ግን የደምና የጉበት ክትትል ይፈልጋል። ክትትል ደግሞ ስም ለተሰጠው ሰው ነው የሚደረገው።

እና መቁጠር ይቻላል? «እዚህ አገር አይቻልም» የሚለውን አንቀበልም፤ ምክንያቱም ተችሎ አይተናል። ዝሆኔን ውሰዱ። ባዶ እግር ከቀይ አፈር ጋር ሲውል የሚመጣው የእግር እብጠት ለዘመናት እንደ እርግማን ሲቆጠር ኖሮ፣ በ2013 አጥኚዎች በ659 ወረዳዎች ውስጥ 1,315 ማኅበረሰቦችን ዞረው 129,959 ሰው አዩ፤ ስርጭቱ 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ዝሆኔ ካርታ ያለው በሽታ ሆነ፤ የት ወረዳ ጫማና ሕክምና ይሂድ ማለት ተቻለ። እከክም እንዲሁ። ከ2015ቱ ድርቅ በኋላ በድርቁ በተጠቁ 68 ወረዳዎች ቤት ለቤት ሲዞር 1,125,770 ሰው ታይቶ 379 ሺህ ሰው ላይ እከክ ተገኘ፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ቤት ለቤት ገብቶ ቆዳ ያየ ሰው እዚህ አገር አለ፤ ዓይኑም እግሩም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከ2003 ጀምሮ በር ሲያንኳኩ የኖሩ ናቸው።

ግን ሁለቱም ምሳሌዎች ቶሎ ብለው ዓይን የሚይዙ፣ ዕርዳታ ሰጪ የሚጠራባቸው በሽታዎች ናቸው። ሶሪያሲስ አይጋባም፣ ወረርሽኝ አይሆንም፣ ቶሎም አይገድልም፤ ስለዚህ የሚያስጮኸው የለም። በ2015 የተካሄደው ትልቁ አገር አቀፍ የማይተላለፉ በሽታዎች ጥናት የደም ግፊት ለካ፣ ስኳር ለካ፣ ሲጋራና ጫት ጠየቀ። ክርናችሁን አሳዩኝ አላለም። አንድ ደቂቃ ይፈጅ ነበር! በግንቦት 2025 የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎችን በጠቅላላ የዓለም ጤና ቅድሚያ ጉዳይ ብሎ ወስኗል፤ የሚቀጥለው አገር አቀፍ ጥናት መጠይቅ ሲዘጋጅ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት።

እስከዚያው ግን አዲስ አበባን ለምን እንጠብቃለን? እዚሁ እንጀምር። ስርጭቱ አንድ በመቶ አካባቢ ነው ብለን ብንነሳና ስሕተታችን ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ብንፈልግ፣ በቀላል ዕጣ የተመረጠ 4,200 ሰው ገደማ ማየት ይበቃል። ናሙናው ቤት ለቤት በቡድን የሚወሰድ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ስድስት ሺህ አድርጉት። ስድስት ሺህ ሰው ምንድን ነው? የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ትምህርት ሲወጡ ሠላሳዎቹ በቀን ዐሥር ዐሥር ሰው ቢያዩ ሃያ ቀን ነው። ሁለት የቆዳ ሐኪሞች የተጠረጠረውን ደግመው ቢያረጋግጡ፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ የተነሱ ሥዕሎች ለሥልጠና ቢዘጋጁ፣ የተገኘው ሰው ካርድ ወጥቶለት ወደ ሕክምና ቢላክ፣ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የሚታመን ቁጥር መስጠት ትችላለች።

የሚጠየቀውም ረጅም አይደለም። የሚያሳክክና ቅርፊት የሚያወጣ ነገር ከስድስት ወር በላይ ቆይቶብዎታል? ከቤተሰብ እንዲህ ያለበት ሰው አለ? ጠዋት ጣትዎ ወይም ወገብዎ ይደርቃል? ምን ነው ተብለው ነበር? ለመጨረሻው «ቋቁቻ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ተማሪው ጽፎ አይለፍ፤ እስክሪብቶውን ያስቀምጥና «አደይ፣ ክርንዎን ልየው? ጥፍርዎንም» ይበል።